ፊልሙን ማን ቆረጠው?

በሰሜን ሎንዶን የኖረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የሆሎዌይን ጎዳና ያውቀዋል። በዚሁ ጎዳና ላይ እ.ኤ.አ. በ1938 ጎሞንት የተባለ ትልቅ ሲኒማ ቤት ተከፈተ፤ በ1944 በጀርመን ቦምብ ተመታ፤ በ1958 እንደገና በሩን ከፈተ። እንዲህ ያለ የንግድ ቤት የእኛን ታሪክ እስኪያሳየን እንጠብቅ ካልን ግን ፀጉራችን ይሸብታል (የብዙዎቻችን ሸብቷል)።

ሎንዶን ለዚህ መላ ካገኘች ቆይታለች። በ1925 የተቋቋመው የፊልም ማኅበር ፊልም የሚያሳየው ለአባላቱ ብቻ ነበር። የአይዘንስታይንን "የጦር መርከብ ፖተምኪን" የእንግሊዝ ሳንሱር በ1926 አገደው፤ ማኅበሩ ግን በ1929 ለአባላቱ አሳየው። ሕዝቡ እንዲያየው የተፈቀደው በ1954 ነው። ልብ በሉ፣ 28 ዓመት!

ወደ ራሳችን እንምጣ። ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ በጥቅምት 1973 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን አሳየ፤ ተመልካቹም ለተራቡት ገንዘብ አዋጣ። ያው ፊልም በ1967 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ዕለት ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። ሲቀርብ ግን ተቆራርጦ፣ በመሐሉ የቤተ መንግሥት ድግስ ተሰክቶበት ነበር። በማግሥቱ መስከረም 2 ጃንሆይ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ። ረሃቡ እውነት ነው፤ የደበቀውም የጃንሆይ መንግሥት ነው። ይህን የሚክድ ካለ ወሎን ይጠይቅ። ይሁን እንጂ ያን ማታ ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠው ሕዝብ መቀሱ በማን እጅ እንዳለ የሚጠይቅበት መድረክ አልነበረውም። ባለመቀሱ ደርግ ሦስት ወር ሳይሞላው ስልሳ ያህል ሰው ያለ ፍርድ ረሸነ።

የኃይሌ ገሪማ መንገድ የዚህ ተቃራኒ ነው። በ1993 "ሳንኮፋ" በአሜሪካ አከፋፋይ ሲያጣ፣ ራሱ ሲኒማ ቤት እየተከራየ ከከተማ ከተማ አዞረው፤ ከተመልካቹም ጋር ተወያየ። በ2008 በቬኒስ የተሸለመው "ጤዛ" ደግሞ በቀጥታ የሚመለከተው እኛን ነው፦ በጀርመን የተማሩ አብዮተኛ ወጣቶች፣ የጓዶች መከፋፈል፣ አገር ቤት የጠበቃቸው ደም። የኢሕአፓና የመኢሶን ቁስል ሳይሽር እዚህ ድረስ ተከትሎን መጥቷል። የአንዱ ወገን ሰው ሌላው ያለበት ለቅሶ ቤት እንኳ አይገባም።

ማኅበሮቻችን አዳራሽ የሚከራዩት ለዘፋኝና ለገንዘብ ማሰባሰቢያ ነው። ለምን አንድ ቅዳሜ ሆሎዌይ ላይ ለ"ጤዛ" አይከራዩም? ሁለቱም ወገን ይጠራ። ያን የዘመን መለወጫ ማታ በቴሌቪዥን ያዩትም አዛውንቶች ዕድሜያቸው ገፍቷልና ፊት ወንበር ይሰጣቸው። ፊልሙ 140 ደቂቃ ነው፤ አዳራሹን ግን ለአምስት ሰዓት ተከራዩት።