ቶፕ (የሴቶች ልብስ)

ቶፕ ከወገብ በላይ ያለውን የሰውነት ክፍል የሚሸፍን፣ ከሱሪ ወይም ከጉርድ ቀሚስ ጋር የሚለበስ የሴቶች ልብስ ነው። ሸሚዝ፣ ብሉዝ፣ ካናቴራ፣ ቲሸርትና ስስ ሹራብ በዚህ ስም ይጠቃለላሉ። ለእራት ቀጠሮ፣ ለግብዣ ወይም ለምሽት መዝናኛ የሚመረጠው ቶፕ ከዕለት ልብስ የሚለየው በአንገቱ ቅርጽ፣ በጨርቁና በአሰፋፉ ነው። ቶፕ ለባሿን የሚያምርባት በልኳ ሲሆንና ከምትሄድበት ቦታ ጋር ሲስማማ ነው። ስለዚህ «አልሆነልኝም» ሲባል ጉድለቱ መጀመሪያ የሚፈለገው ከልብሱ እንጂ ከሰውነት አይደለም።

ስያሜ

«ቶፕ» ከእንግሊዝኛ የተወሰደ ቃል ሲሆን «የላይኛው» ማለት ነው። «ካናቴራ» ደግሞ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን፣ መነሻው የጀልባ ቀዛፊዎች ይለብሱት የነበረው እጅጌ አልባ ልብስ ነው።

ታሪክ

በአውሮፓ የሴቶች መውጫ ልብስ ለረጅም ጊዜ ከላይ እስከ ታች አንድ ላይ የሚሄድ ቀሚስ ነበር። ቶፕ ራሱን ችሎ መታየት የጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጣሊያኑ ጁዜፔ ጋሪባልዲ ዘማቾች ይለብሱት ከነበረው ቀይ ሸሚዝ የተቀዳ የሴቶች ሸሚዝ ፋሽን ሆነ። በ1890ዎቹ ደግሞ በአሜሪካ ከጉርድ ጋር የሚለበስ ባለ ቁልፍ ሸሚዝ በቢሮ፣ በሱቅና በትምህርት ቤት በሚሠሩ ሴቶች ዘንድ ተስፋፋ። አንዲት ሴት በአንድ ጉርድ ላይ ሸሚዝ እየቀያየረች ሥራም መዝናኛም መሄድ ቻለች።

የሸሚዙ መስፋፋት ዋጋም አስከፍሏል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 25 ቀን 1911 በኒው ዮርክ ከተማ ትራያንግል በተባለው የሸሚዝ ፋብሪካ በተነሣ እሳት 146 ሠራተኞች ሞቱ። ከእነዚህ 123ቱ ሴቶችና ልጃገረዶች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ ከምሥራቅ አውሮፓና ከጣሊያን የሄዱ ስደተኞች ነበሩ። አንዱ የመውጫ በር ተቆልፎ ስለነበር ብዙዎች ማምለጥ አልቻሉም። አደጋው በአሜሪካ አዳዲስ የሥራ ቦታ ደኅንነት ሕጎች እንዲወጡ ምክንያት ሆኗል።

በ1920ዎቹ ፈረንሳዊቷ ማድሌን ቪዮኔ ጨርቅን ከድሩና ከማጉ አግድም፣ በ45 ዲግሪ መቁረጥን አስፋፋች። እንዲህ የተቆረጠ ጨርቅ ስለሚለጠጥ ሰውነትን ሳያጣብቅ ተከትሎ ይወርዳል። በ1950ዎቹ ትከሻን ክፍት የሚያደርገው አንገት በተዋናይት ብሪጂት ባርዶ ምክንያት ታዋቂ ሆነ፤ እስከ ዛሬም በስሟ ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1966 ኢቭ ሳን ሎራን ለሴቶች የተሰፋ የምሽት ሙሉ ልብስ በማቅረቡ፣ ሱሪና ሸሚዝ ለሴት የምሽት መውጫ ልብስ ወደ መሆን መጡ። ዳያን ቮን ፈርስተንበርግ እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጣችው፣ ፊት ለፊት ተደርቦ ወገብ ላይ የሚታሰር ቀሚስም መነሻው በዚያው መንገድ የሚታሰር ቶፕ ነበር።

ልክ

የቶፕ ልክ መጀመሪያ የሚታየው ትከሻ ላይ ነው። መደበኛ እጅጌ ባለው ሸሚዝ የትከሻው ስፌት የትከሻ አጥንት ጫፍ ላይ ማረፍ አለበት። ሆን ተብሎ ሰፊ ሆኖ ካልተሠራ በቀር፣ ወደ ክንድ የወረደ ስፌት ልብሱን የተውሶ ያስመስለዋል፤ ወደ አንገት የገባ ስፌት ደግሞ ክንድ ማንሣት ያስቸግራል።

ደረት ላይ በቁልፎቹ መካከል ክፍተት ከታየ ሸሚዙ ጠቧል። በዚህ ጊዜ ለደረት የሚበቃውን ቁጥር ገዝቶ ወገቡን በልብስ ሰፊ ማስጠበብ ይሻላል። ማስጠበብ ቀላል ሥራ ነው፤ ማስፋት ግን በስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ ካልተተወ አይቻልም። ትከሻን ማስተካከል እጅጌውን መፍታት ስለሚጠይቅ ከሁሉም ይከብዳል።

ርዝመትም ለውጥ ያመጣል። ወገቡ ከፍ ካለ ሱሪ ወይም ጉርድ ጋር አጭር ቶፕ ሲለበስ፣ ወይም ሸሚዝ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ እግር ረዘም ብሎ ይታያል። ዳሌ ላይ የሚያልቅ ቶፕ ደግሞ ዓይንን እዚያው ያሳርፋል።

የአንገት ቅርጽ

የቪ ቅርጽ አንገት ቁልቁል መስመር ስለሚሠራ አንገትን ያስረዝማል። ክብ አንገት ወደ ጉሮሮ በተጠጋ ቁጥር የተሸፈነው ስፍራ ስለሚሰፋ ደረት ጎልቶ ይታያል። አራት ማዕዘን አንገት የትከሻ አጥንትን ያሳያል። ማጅራት ላይ የሚታሰረው ሆልተር ትከሻን ያጎላል፤ የባርዶ አንገት ደግሞ ትከሻን በአግድም መስመር ሰፋ አድርጎ ያሳያል። የኋለኞቹ ሁለቱ በተለመደው ጡት መያዣ ላይ ሲለበሱ ማንገቻው ስለሚታይ፣ ማንገቻ የሌለው ያስፈልጋቸዋል።

ጨርቅ

ሳቲን የጨርቅ ዓይነት ሳይሆን የአሸማመን ስልት ነው፤ ከሐርም ከፖሊስተርም ይሠራል። ብርሃን ስለሚያንጸባርቅ ለምሽት ይመረጣል፤ ነገር ግን ላብንና የውኃ ጠብታን ያሳያል። ከፋይ ብርሃንን ስለሚውጥ ቀለሙ ጥልቅ ሆኖ ይታያል፤ ሙቀትም ይይዛል። ፖሊስተር አይጨማደድም፤ ላብን ግን እንደ ጥጥ አይመጥም። ስለዚህ ለጭፈራ ጥጥ ወይም ቪስኮስ ይስማማል።

በኢትዮጵያ ከሸማ የተሠሩ፣ ጥለት ወይም ጥልፍ ያለባቸው ቶፖች ከጅንስ ጋር ይለበሳሉ። ነጭ የእጅ ሽመና ስስ ስለሆነ ብርሃን ሲያርፍበት ውስጥን ያሳያል፤ ስለዚህ ገበር ያለው መምረጥ ወይም የቆዳን ቀለም የሚመስል ካናቴራ ከሥር መልበስ ይጠቅማል።

ቀለምና ብርሃን

በሱቅ ነጭ መብራት የተመረጠ ቀለም በምግብ ቤት ደብዛዛ መብራት ሌላ ሊመስል ይችላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቼክ ተወላጁ ያን ፑርኪኜ እንዳስተዋለው፣ ብርሃን በጣም ሲቀንስ ቀይ ቀለም ይጠቁራል፣ ሰማያዊ ደግሞ በአንጻሩ ደመቅ ብሎ ይታያል። ልብሱን ማታ በቤት መብራት መሞከር ይህን ለማወቅ ይረዳል።

«አግድም መስመር ያወፍራል» የሚለው የተለመደ ምክር አከራካሪ ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትስ በዚያው ክፍለ ዘመን እንዳሳየው፣ በአግድም መስመሮች የተሞላ አራት ማዕዘን ከስፋቱ ይልቅ ቁመቱ የበለጠ ይመስላል።

እንደ ቦታው መምረጥ

በእራት ቀጠሮ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጠረጴዛ ፊት ስለሚቀመጥ የሚታየው ቶፑ ነው። ስለዚህ አንገቱ፣ እጅጌውና የጆሮ ጌጡ ከጫማው ይልቅ ትኩረት ያገኛሉ። ልብሱን ቆሞ ብቻ ሳይሆን ተቀምጦ፣ ጎንበስ ብሎና ክንድ አንሥቶ መሞከር ያስፈልጋል። እንጀራ በእጅ በሚበላበት ማዕድ ሰፊና የተንዠረገገ እጅጌ ወጥ ይነካል፤ እስከ ክርን የሚደርስ ወይም የሚጠቀለል እጅጌ ይመቻል።

እስክስታ በሚጨፈርበት ቤት ደግሞ የባርዶ ቶፕ አስቸጋሪ ነው። ላስቲኩ በትከሻ እንቅስቃሴ ከቦታው ስለሚለቅ ለባሿ ሌሊቱን ሙሉ ልብሷን ስታስተካክል ታመሻለች። እንደ አዲስ አበባ ባሉ ደጋ ከተሞች ምሽቱ ስለሚቀዘቅዝ ከስስ ቶፕ ጋር የሚሄድ ጃኬት፣ ሻል ወይም ነጠላ አስቀድሞ ቢታሰብ ጥሩ ነው።

ማኅበራዊ ገጽታ

የሴት መውጫ ልብስ በብዙ ሀገሮች የክርክር መነሻ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1968 በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀ የፋሽን ትርኢት የተማሪዎች ተቃውሞ ተነሥቶበታል። በተቃውሞው ወቅት አጭር ጉርድ የባዕድ ባህል ምልክት ተደርጎ ተወግዟል። ዛሬም የአንገት ጥልቀትና የቶፕ እጥረት ከቤተሰብ፣ ከሃይማኖትና ከሥራ ቦታ ደንብ ጋር እየተያያዘ ያነጋግራል። ብዙ ሴቶች ለአንድ ምሽት ሁለት ልብስ የሚያስቡት፣ ከቶፑም ላይ የሚደርቡት ነገር የሚይዙት፣ ከቤት እስከ መዝናኛው ያለውን መንገድም አስበው ነው። በመሆኑም ምርጫው የውበት ብቻ ሳይሆን የምቾትና በራስ የመተማመን ጉዳይም ነው።