ድንበሩ ዳታቤዝ ውስጥ ሲገባ

ማታር በጋምቤላ ክልል፣ ኑዌር ዞን ያለች ከተማ ናት፤ ደቡብ ሱዳን ቅርቧ ነው። እዚህ ድንበሩ የመጣው ከሰዉ በኋላ ነው። ግንቦት 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙት ውል ኑዌሮችን ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ አስቀራቸው። ውሉ መዝገብ ቤት ተቀመጠ፤ ሰዉ ግን ግጦሽና ዘመድ ፍለጋ መሻገሩን ቀጠለ።

ዛሬ ግን መሻገር አሻራ ይተዋል። በ2017 ዓ.ም. የናስርን ውጊያ የሸሹ ብዙ ሰዎች ማታር አካባቢ ገብተዋል። ስደተኛ በአሻራ ይመዘገባል። ፋይዳም የ10 ጣት አሻራ፣ የሁለት ዐይን አይሪስና የፊት ምስል ወስዶ፣ ሰውየው ከዚህ በፊት ተመዝግቦ እንደሆነ በማሽን ያመሳክራል።

ሥራዬ ሶፍትዌር ማበልጸግ ነው፤ «አንድ ሰው፣ አንድ ረድፍ» የሚለው ሕግ ይገባኛል። ፋይዳ ደግሞ የዜግነት ማስረጃ አይደለም፤ ለነዋሪ የሚሰጥ ነው፣ ስደተኛም ያገኘዋል። ይህ ጥሩ ንድፍ ነው። አደጋው የሚመጣው አንዱ ቢሮ የሌላውን መዝገብ እንደ ፍርድ ማንበብ ሲጀምር ነው።

ኬንያ ይህን አይታዋለች። በድርቅ ጊዜ የጋሪሳ ችግረኞች፣ ኬንያውያን ሆነው ሳለ፣ ራሽን ለማግኘት ዳዳብ ካምፕ በስደተኛነት ተመዘገቡ። አንዳንዶቹ ያኔ ሕፃናት ነበሩ። አድገው መታወቂያ ሲጠይቁ አሻራቸው ከስደተኞች መዝገብ ተገኘና ተከለከሉ። ልብ በሉ፣ ማሽኑ አልተሳሳተም፤ አሻራው የነሱ ነው። ጥፋቱ የራሽን ወረፋን የዜግነት ምስክር ያደረገው ውሳኔ ላይ ነው። ሁዱማ ናምባ የተባለውን መታወቂያ ደግሞ ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ፍርድ ቤት ውድቅ አደረገው፤ መንግሥት ሥራውን ሲጀምር በግል መረጃ ላይ የሚያስከትለውን ጉዳት አላስጠናም በሚል።

እኛም ሕግ አለን፦ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ 1284/2015 እና የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016። ሁለተኛውን የሚከታተለው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ ግን አዲስ አበባ ነው።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥነ ምግባር ስናወራ ብዙ ጊዜ ስለ ትልልቅ መርሆች እናወራለን። አንዲት የማታር እናት ሲስተሙ «ስደተኛ ነሽ» ቢላት ግን የሚያስፈልጋት ሌላ ነው፦ እዚያው ወረዳዋ፣ በኑዌርኛ የሚሰማት፣ የአካባቢ ሽማግሌዎችን ምስክርነት ተቀብሎ ረድፉን የማረም ሥልጣን ያለው ሰው። እርማቱ እስኪያልቅም አገልግሎቷ እንዳይቋረጥ። ይህን ኮድ ውስጥ ማስገባት አይከብድም። መጀመሪያ ግን ደንቡ ላይ መጻፍ አለበት።