ሥራ ሲቀየር ቤቱስ? ከርስት እስከ ኪራይ አዋጁ

ከመርጡለ ማርያም ተነስቶ አዲስ አበባ ሥራ ያገኘ ወጣት ፈተናውን አልፎም ገና ብዙ ይጠየቃል። ዋስ አለህ? መታወቂያህ የየት ነው? መሸኛ ይዘሃል? የስንት ወር ቅድሚያ ትከፍላለህ? ጥያቄዎቹ ዛሬ የተፈጠሩ አይደሉም፤ ታሪክ አላቸው።

የድሮው የጎጃም ርስት ሰውን ከመሬት ጋር ያሰረ ሥርዓት ነው ይባላል። አንድ ነገር ግን ይዘነጋል። ርስት የሚጠየቀው በትውልድ ሐረግ ስለነበር፣ ለንግድ፣ ለትምህርት ወይም ለውትድርና አገሩን ለቆ የሄደ ሰው ተመልሶ ዘሩን ቆጥሮ ድርሻዬን ማለት ይችል ነበር። ክርክሩ ሊጓተት፣ ድርሻውም ሊያንስ ይችላል። መመለሻው ግን አልተዘጋም። በ1960 ዓ.ም. የሞጣና የብቸና ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብሩ ላይ ሲነሳ አንዱ ስጋቱ መሬቱ ተለክቶ ርስቱ ይነካል የሚል ነበር።

ከተማ ውስጥ ይህ ዋስትና አልነበረም። በንጉሡ ዘመን የአዲስ አበባ መሬት በጥቂቶች እጅ ነበር፤ አብዛኛው ነዋሪ ተከራይ ነው። ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ወረሰ። ኪራይም ቀነሰ። እስከ 100 ብር የሚከራዩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ለድሃው ተከራይ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም።

እፎይታው ግን ሰውን ባለበት የሚያቆይ ነበር። ቤት የሚያከራየው ቀበሌ መታወቂያም ሰጪ ነው። ግለሰብ ቤት እንዳያከራይ ስለተከለከለ፣ በሌላ ከተማ የተሻለ ሥራ ያገኘ ሰው የቀበሌ ቤቱን ከለቀቀ በሄደበት ሌላ ማግኘቱ የዕድል ጉዳይ ሆነ። አዲስ መጤውም ደባል ሆኖ መግባት ነበረበት።

ደርግ ከወደቀ በኋላ የግል ኪራይ ተመለሰ፣ ኮንዶሚኒየም ተሠራ። ኪራዩ ግን ከደመወዝ ቀደመ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ለዚህ መልስ ለመስጠት ሞክሯል። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ይመዝገብ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። ይበልጥ የሚጠብቀው ግን ቤት የያዘውን ነው፤ ቤት ፈላጊው አሁንም በር ላይ ቆሟል።

ሒሳቡን እንየው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራ መልቀቅ ይችላል። አዲሱ ደመወዝ የሚመጣው ግን ወር ከተሠራ በኋላ ነው። ኪራዩ 6,000 ብር ቢሆን፣ ሁለት ወር ቅድሚያ ሲጠየቅ 12,000 ብር ይሆናል፤ የደላላው ሲጨመር ደግሞ ከዚያ ያልፋል። ይህ ሁሉ ከመጀመሪያው ደመወዝ በፊት ነው። ሕጉ ሥራ የመቀየር መብት ሰጥቷል፤ መብቱን የሚጠቀምበት ግን ዘመድ ወይም ጥሪት ያለው ነው።

በእንግሊዝም ተከራይ የሥራና የገቢ ማስረጃ ይጠየቃል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሕግ የኪራይ ደላሎች ተከራይን የአገልግሎት ክፍያ እንዳያስከፍሉ ከልክሏል፤ መያዣውንም በአብዛኛው ከአምስት ሳምንት ኪራይ እንዳይበልጥ ወስኗል። ችግራቸው አልጠፋም፤ በር ላይ የቆመውን ሰው ግን አስበውታል።

የእኛም ቀጣይ ጥያቄ ይኸው መሆን አለበት። የደላላ ክፍያ በሕግ ይገደብ። ቅድሚያ ክፍያው ወደ አንድ ወር ይውረድ። ትልልቅ ቀጣሪዎች ለአዲስ ሠራተኛ ከደመወዝ የሚቆረጥ የቤት ብድር ይስጡ። የመርጡለ ማርያሙ ልጅ ሥራውን በችሎታው አግኝቷል፤ ቤት ለመያዝ ግን አዲስ አበባ አጎት ያስፈልገዋል። ይህ ካልተስተካከለ የሥራ ገበያው ክፍት ነው ማለት አንችልም።