መጠኑን ማን መረጠ?

ሰሞኑን እንጅባራ አንድ ካፌ ቁጭ ብለን ብርዱን በሻይ እያባረርን ሳለ አንዲት ጓደኛችን ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችን። ከአረብ አገር ከተመለሰች ገና አመት አልሞላትም። ካጠራቀመችው ላይ ጡቷን በቀዶ ጥገና ለማስተለቅ አስባለች። «350 ሲሲ ይበቃኛል ወይስ 400?» አለችን፤ የጫማ ቁጥር የምትጠይቅ ነው የሚመስለው። ወንዶቹ ሳቁ። እኔ ግን ጥያቄዋ ረጅም ታሪክ እንዳለው ትዝ አለኝ። እስቲ ዛሬ እሱን እናውራ። (አመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

በ1895 ሃይደልበርግ፣ ጀርመን፣ ቪንሰንዝ ቸርኒ የተባለ ሐኪም ከአንዲት ሴት ጡት እጢ ካወጣ በኋላ፣ የጎደለውን ቦታ ከራሷ ገላ በወሰደው የስብ እባጭ ሞላው። አላማው መጠገን ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ፓራፊን በመርፌ ወጉ፤ ፓራፊኑ እየጠጠረና ቦታ እየለቀቀ ብዙ ሴቶችን ጎዳ።

ዋናው ታሪክ በ1962 ሂውስተን፣ ቴክሳስ ነው። ቲሚ ጂን ሊንድዚ የምትባል የስድስት ልጆች እናት ጡቷ ላይ ያለውን ንቅሳት ለማስጠፋት ሆስፒታል ሄደች። ሐኪሞቹ ቶማስ ክሮኒንና ፍራንክ ጄሮው የሲሊኮን ከረጢት የሚሞክሩባት ሴት ይፈልጉ ነበርና ጠየቋት። እሷ ይበልጥ የምትፈልገው ጆሮዋን ማስተካከል ነበር። «እሱንም እንሰራልሻለን» አሏት፤ ተስማማች። ልብ በሉ፣ በአለም የመጀመሪያዋ ባለ ሲሊኮን ጡት ሴት ጡት ፍለጋ አልሄደችም!

ያኔ ከረጢቱ የሚቀመጠው ከወተት እጢው ስር፣ ከደረት ጡንቻው በላይ ነበር። ሰውነት ደግሞ ባዕድ ነገር ሲገባበት ዙሪያውን በጠባሳ ያጥረዋል። አጥሩ ሲጠብ ጡቱ ይጠጥራል፤ ቆዳዋ ስስ በሆነች ሴት ላይ ጠርዙ ይታያል። ስለዚህ በ1968 ዴምፕሲና ላታም ከጡንቻው ስር ማስቀመጥን በጽሁፍ አቀረቡ። ይህም የራሱ ጣጣ አለው፤ ህመሙ ይበረታል፣ ጡንቻ ሲኮማተር ጡቱም ይንቀሳቀሳል። በ2001 ጆን ቴበትስ ላዩን ከጡንቻ ስር፣ ታቹን ከእጢ ስር የሚያደርገውን ስልት አሳተመ።

መጠኑስ? ለረጅም ጊዜ ምርጫው በግምትና በምኞት ነበር። በ2005 ቴበትስና አዳምስ ከምኞት በፊት ልኬት ይቅደም አሉ፦ የጡቱ መሰረት ስንት ሴንቲ ሜትር ይሰፋል? ቆዳው ምን ያህል ይሳባል? በላይ በኩል ሲቆነጠጥ ከ2 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ከጡንቻ ስር ማድረጉ ይመረጣል። እንጅባራ የፈረስ አገር ናት፤ ኮርቻ በፈረሱ ጀርባ እንጂ በጎረቤት ፈረስ እንደማይለካ ለእኛ አይነገረንም። 350 ሲሲ ለአንዷ ልክ፣ ለሌላዋ ሸክም ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 300 ሚሊ ሊትር መሆኑን አስቡና በሁለት አባዙት፤ ቀን ከሌት ደረት ላይ የሚውል የሚያድር ነው።

ሌላም አለ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ1992 ሲሊኮኑን ገድቦ በ2006 መልሶ ፈቀደ፤ ለማስተለቅ ከሆነ ግን ከ22 አመት ጀምሮ። በ2010 ፒ አይ ፒ የተባለው የፈረንሳይ ፋብሪካ ለሰው ገላ ያልተፈቀደ የኢንዱስትሪ ሲሊኮን ሲሞላ እንደኖረ ተጋለጠ። በ2019 አለርጋን ላዩ ሻካራ የሆነውን ምርቱን ሊምፎማ ከሚባል ካንሰር ጋር በመያያዙ ከገበያ ሰበሰበ። ከ2021 ጀምሮም አሜሪካ ውስጥ ሴቲቱ ከመወሰኗ በፊት አደጋውን የሚዘረዝር ቅጽ እንዲሰጣት ታዘዘ። ቅጹ ከሚላቸው አንዱ ይህ እቃ የእድሜ ልክ እቃ አይደለም የሚል ነው። ክትትል ይፈልጋል፤ ሊቀየርም ይችላል።

ይህን ሁሉ ለጓደኛችን ነገርኳት። መወሰኑ የእሷ ነው፤ ገላዋም ገንዘቧም። ግን ያጠራቀመችው ለዛሬው ቀዶ ጥገና ብቻ ሳይሆን ከአስር አመት በኋላ ለሚመጣውም ይበቃል ወይ? ሐኪሙስ ሴንቲ ሜትር ይዞ ይለካታል ወይስ ፎቶ ብቻ ያሳያታል? ከሊንድዚ እስከ ዛሬ ስንትና ስንት ሰው ለሴት መጠን ሲመርጥ ኖሯል።

የወንዶቹን ሳቅ ደግሞ ከመለኪያው አውጪው፣ እህቴ። ቸር ሰንብቱ!