ከቁርበት እስከ ስፖንጅ፦ እናቶቻችን ምን ላይ ተኝተው ኖሩ?

ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ አንዲት እህታችን ለፍራሽ መግዣ ብድር ጠየቀች። ወዲያው ክርክር ተነሣ። "በግ ብትገዢበት ይራባል፣ በርበሬ ብትነግጂበት ያተርፋል፤ ፍራሽ ምን ያመጣል?" ያልን ብዙዎች ነበርን። እሷም "የሚያመጣው ሥራ ከሆነ ሠራተኛዋ እኔ ነኝ፤ ወገቤ ሌሊት ካላረፈ ቀን ጀሪካን አልሸከምም" አለችን። መልስ ስላጣን ውሳኔውን ለሚቀጥለው ስብሰባ አሳደርነው። እስከዚያው ትልልቅ እናቶቻችንን እየጠየቅን፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያው ገጠር ሰው ምን ላይ ሲተኛ እንደኖረ ይህችን ጽሑፍ አዘጋጀን።

መደብና ቁርበት

በድሮው የገጠር ቤት መኝታ ማለት በአብዛኛው መደብ ነበር። መደብ በጭቃና በድንጋይ ከግድግዳው ጋር ተያይዞ የሚሠራ ከፍታ ነው፤ ቀን ይቀመጡበታል፣ ማታ ይተኙበታል። እበትና ጭቃ አዋሕዳ የምትለቀልቀው ሴቷ ናት። ከላዩ ሣር ወይም ጭድ ይጎዘጎዛል፤ በዚያ ላይ ቁርበት ይነጠፋል። ያለው ሰው ታሽቶ የለሰለሰ ጀንዲ ያነጥፋል፤ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ አጎዛ ይወጣል።

አልጋ የሁሉም አልነበረም። ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል፤ ዙፋንን "አልጋ"፣ ንጉሥን የሚተካውንም "አልጋ ወራሽ" ብለናል። የጠፍር አልጋ የሚባለው በእንጨት ቋሚና አግዳሚ ላይ የቆዳ ጠፍር ተወጥሮ የሚሠራ ነው። ጠፍሩ ሲውል ሲያድር ይላላና መሐሉ ይጎደጉዳል፤ ስለዚህ በየጊዜው እንደገና ይወጠራል።

እናቶቻችን እንደነገሩን፣ በቤት ውስጥ የተሻለው መኝታ የእንግዳና የአባወራው ነበር። ሴቷ ልጆቿን አቅፋ በተረፈው ቦታ ትተኛለች፤ ቀድማ የምትነሣውም እሷ ናት። የሌሊቱን ልብስ፣ ጋቢውንና ቡሉኮውን፣ ሸማኔው ይሥራው እንጂ ፈትሉን በእንዝርት የፈተለችው እሷ ነበረች። የተሻለ ቦታ የሚሰጣት ስትወልድ ነው፤ አራስ ሆና ክርስትና እስኪነሣ ድረስ። ከዚያ በኋላ ወደ ቀድሞ ቦታዋ ትመለሳለች።

መንገዱ ያመጣው

"ፍራሽ" የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ነው። አውሮፓውያንም ብዙዎቹ ለፍራሽ የሚጠቀሙበትን ቃል የወሰዱት ከዐረብኛ ነው፤ መነሻው "የሚጣልበት ቦታ" ማለት ነበር። መኝታ ከሕዝብ ወደ ሕዝብ ሲሻገር የኖረ ዕቃ ነው ማለት ነው።

በእኛ አካባቢም ከገጠሩ ይልቅ ቀድመው የለመዱት የመንገድ ከተሞቹ ናቸው። ቡሬ ወደ ዓባይ ማዶ የሚሻገር ነጋዴ የሚያርፍባት የቆየች የገበያ ከተማ ናት። ቀድሞ ውጀት ትባል የነበረችው ፍኖተ ሰላምም ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። መንገደኛ ባለበት "አልጋ አለ" የሚል ጽሑፍ ይሰቀላል፤ የብረት አልጋና የጥጥ ፍራሽም በዚያው ይታወቃል። የጥጥ ፍራሽ ይሞቃል፣ ትንፋሽም አለው፤ ነገር ግን ሲቆይ ይጓጉላል። ያን ጊዜ ተፈትቶ ጥጡ እንደገና ይነደፋል፣ ፀሐይም ይመታዋል።

ጥጥ ያልቻለ ጭድ ጠቀጠቀ። ማዳበሪያ ወደ ገበሬው ሲገባ ባዶው ከረጢት ራሱ "ማዳበሪያ" ተባለ፤ እሱን እየሰፋን ጭድ ሞልተን የተኛንበት ብዙዎች ነን። ጭዱ ቶሎ ይደቃል፣ ቁንጫና ትኋንም ይወልዳል። በየመኸሩ መለወጥ ግን ምንም ወጪ አልነበረውም።

ስፖንጅ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። መሠረቱ የሆነውን ኬሚካል እ.ኤ.አ. በ1937 ጀርመን አገር ኦቶ ባየርና ባልደረቦቹ አገኙት፤ ለስላሳው ስፖንጅ ለገበያ የበቃው በ1950ዎቹ ነው። ቀላል ስለሆነ በመኪና ጣራ ተጭኖ እኛም ዘንድ ደረሰ።

ከታሪኩ የምንማረው

ስንገዛ ብዙዎቻችን ወይ በጣም ለስላሳውን "ምቾት ነው" ብለን፣ ወይ በጣም ጠንካራውን "ለወገብ ይበጃል" ብለን እንመርጣለን። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ የስፔን ጥናት ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸውን 313 ሰዎች ለ90 ቀን ተከታትሎ፣ ከጠንካራው ይልቅ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፍራሽ ሕመሙን የበለጠ እንደሚያቀል አገኘ። አያቶቻችን በጠንካራው መደብ ላይ ጭድና አጎዛ የደረቡት በከንቱ አልነበረም።

ስለዚህ ሱቅ ገብታችሁ አትፈሩ፤ ፍራሹ ላይ ተኙበት። በጎን ስትተኙ ትከሻና ዳሌ ትንሽ ገባ ይበል፣ ወገብ ግን አይንጠልጠል፣ መሐሉም እንደላላ ጠፍር አይጎድጉድ። አንድ ዓይነት ስፋትና ውፍረት ካላቸው ሁለት ስፖንጆች ብዙውን ጊዜ የሚከብደው ቶሎ አይሟሽሽም። ልብሱ ወልቆ የሚታጠብ ቢሆን ይመረጣል። እርጥበት እንዳይዘው መሬት ላይ ሳይሆን ርብራብ ባለው አልጋ ላይ ይሁን፤ እንደ ጥጡም አየርና ፀሐይ ይንካው።

ሁለት ነገር እንጨምር። ስፖንጅ በእሳት ቶሎ ይያያዛል፣ ጭሱም መርዛም ነው፤ ከምድጃ፣ ከኩራዝና ከሻማ ይራቅ። ሌላው አጎበር ነው። አካባቢያችን ወባ የሚያጠቃው ነው፤ አጎበር ደግሞ ጫፉ ከፍራሹ ሥር ሲወተፍ ነው በደንብ የሚከላከለው። ግድግዳ ላይ በተጣበቀ መደብ ይህን ማድረግ ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሞከርን እናውቃለን።

ለደጋፊዎቻችንም የምንለው አለን። በብድር መዝገባችን ላይ "ፍራሽ" የሚል ብታዩ ገንዘቡ ለቅንጦት ዋለ አትበሉ። እናቶቻችን ለቤተሰቡ ሁሉ ፈትለው፣ ለቅልቀው፣ ጎዝጉዘው ራሳቸው በተረፈው ቦታ ተኝተዋል። ስብሰባው ደርሷል። ባለፈው "ምን ያመጣል?" ያልነውም ጭምር፣ ይህን የጻፍን አባላት ብድሩ እንዲሰጣት እጃችንን እናወጣለን።