ለመተማ ቆላ የሚስማማው ባለ ቁልፍ ስልክ የትኛው ነው?

በምዕራብ ጎንደር ዞን ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ በስፋት ይመረታሉ። የሰሊጥ አጨዳ በሚደርስበት በመስከረምና በጥቅምት በርካታ የጉልበት ሠራተኞች ከደጋው ወደ መተማና ወደ ቋራ ይወርዳሉ፤ ብዙዎቹም መብራት በሌለበት እርሻ ላይ ለሳምንታት ያድራሉ። በዚህ ስፍራ ባለ ቁልፍ ስልክ የሚመረጠው ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ለቀናት ይቆያል።

ስለዚህ ገዢ አስቀድሞ ማየት ያለበት ባትሪውን ነው። አቅሙ የሚለካው በሚሊ አምፔር ሰዓት ሲሆን፣ ቁጥሩ በባትሪው ላይ ተጽፎ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኖኪያ 1100 የ850፣ በ2013 የወጣው ኖኪያ 105 ደግሞ የ800 ሚሊ አምፔር ሰዓት ባትሪ ነበራቸው። አሁን ከሚሸጡት የቴክኖና የአይቴል ስልኮች መካከል ከ1 ሺህ በላይ ያላቸው በርካታ ናቸው። ሁለቱም ስሞች የአንድ ኩባንያ፣ የቻይናው ትራንሽን ንብረት ስለሆኑ በስም ከመከራከር ሞዴልን ከሞዴል ማነጻጸር ይበጃል። ባትሪው በቀላሉ የሚወጣ ከሆነ መለዋወጫ መያዝ ይቻላል፤ ይህ ለእርሻ ሠራተኛ ከካሜራ የበለጠ ጥቅም አለው።

የቆላው ሙቀት ግን የባትሪ ጠላት ነው። የሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ በሞቀበት ሁኔታ ቻርጅ ሊደረግ አይገባም። ስልክን ፀሐይ ላይ ወይም በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አስቀምጦ ቻርጅ ማድረግ ዕድሜውን ያሳጥራል። ያበጠ ባትሪ ወዲያውኑ መወገድ አለበት።

በስልኩ አናት ላይ ያለው መብራት እባብና ጊንጥ በሚበዛበት አገር እንደ ትርፍ ነገር አይታይም። በሱቅ ውስጥ ሳይሆን ጨለማ ስፍራ ላይ አብርቶ መሞከር ይመረጣል። ሬዲዮኑ ግን ብዙዎችን ያሳስታል፤ የሚይዘው ኤፍ ኤም ብቻ ነው። በአጭርና በመካከለኛ ሞገድ የሚተላለፍ ጣቢያ ለሚያዳምጥ ሰው የተለመደውን ሬዲዮ አይተካም። አንዳንዱ ስልክም የጆሮ ማዳመጫ ካልተሰካበት አይሠራም፤ ገመዱ አንቴና ሆኖ ያገለግላልና።

የግዕዝ ፊደል የማያነብ ስልክ የአማርኛ መልእክትን በባዶ ሳጥኖች ይተካዋል። ከመክፈል በፊት ከሌላ ስልክ አጭር የአማርኛ መልእክት አስልኮ ማየት ይበቃል። በአማርኛ የሚጻፍ አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ነው፤ ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት ይቆጠራል።

በመተማ ዮሐንስና በሌሎች የድንበር አካባቢዎች ስልኩ የሱዳንን ኔትወርክ ሊይዝ ይችላል። ይህ ሲያጋጥም በማስተካከያው ውስጥ የኔትወርክ ምርጫውን ከራስ ሰር ወደ በእጅ ለውጦ ኢትዮ ቴሌኮምን መምረጥ ነው።

ገንዘብ ለመላክ ባለ ንክኪ ስልክ ግድ አይደለም። በግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር ያለ ኢንተርኔት በ*127# ይሠራል፤ የደመወዙን ገንዘብ በኪሱ ይዞ መጓዝ ለሚያሰጋው ሠራተኛ ትልቅ እፎይታ ነው። ስልኩ ቢጠፋ ገንዘቡ አብሮ አይጠፋም፤ ያለው ከቁጥሩ ጋር በተያያዘው ሂሳብ ውስጥ ነው። የምስጢር ቁጥሩን ግን በስልኩ ጀርባ መጻፍም ሆነ ለሚረዳ ሰው መንገር አይገባም፤ ይህ ያልተለመደ ስህተት አይደለም። የእርሻ ምክር ለሚሻ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው 8028 ነፃ መስመር በማንኛውም ባለ ቁልፍ ስልክ ይደወላል።

ያገለገለ ስልክ የሚገዛ ሰው *#06# ሲጫን የሚወጣውን ባለ 15 አኃዝ መለያ ከባትሪው ሥር ከተጻፈው ጋር ያስተያይ። ካልተመሳሰለ ስልኩን ለሻጩ መመለስ ይሻላል።