ትዝታ በሸክላ ላይ

ከሐራ ተነሥቶ በመርሳ በኩል ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ የአምባሰልን አምባ ሳያይ አያልፍም፤ ይህም አምባ እንደ ባቲ ከተማ ሁሉ ስሙን ለቅኝት ሰጥቶ፣ ከትዝታና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከዘፈናችን አራት አዕማድ አንዱ ሆኖ ይኖራል። የወሎ ጆሮ በዜማ የሠለጠነው ግን በዘፈን ብቻ አይደለም፤ በአንድ ገበያ ለሚገበያይና በአንድ ድግስ ለሚታደም ሕዝብ፣ ከቤተ ክርስቲያን የቅዱስ ያሬድ ግዕዝ፣ ዕዝልና ዓራራይ፣ ከየጁዋ ዳናና ከመሰሎቿ የእስልምና ትምህርት ቦታዎች ደግሞ መንዙማው ሲሰማ ኖሯልና።

በዚህ ምድር ትዝታ የአዝማሪ ገንዘብ ነበረ። በፈረስ ጭራ የተሠራውን የማሲንቆ አንድ አውታር እየገዘገዘ፣ «ተቀበል» ያለውን ታዳሚ ግጥም ተቀብሎ፣ የራሱንም እዚያው ፈጥሮ ይጨምርበት ስለ ነበረ፣ ዜማው ጥንታዊ ሲሆን ቃሉ ዘወትር ሐዲስ ነበር።

የነሐስ መሣሪያ ወደ ዘፈናችን የገባው ግን በሌላ በር ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች፣ ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ሆነው፣ በኋላ ለተነሡት የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች መንገድ ጠረጉ። ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለም፣ ወጣቱ አምኃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. እገዳውን ደፍሮ አምኃ ሪከርድስ የተባለውን የሸክላ አሳታሚ ድርጅት መሠረተ፤ ድፍረቱም ባይኖር ኖሮ የዚያ ዘመን ድምፅ አብዛኛው ከአየር ጋር በጠፋ ነበር።

ድምፃዊው ጌታቸው ካሣ ትዝታን አንድ ጊዜ በዘገምታ፣ አንድ ጊዜ በፍጥነት ያስቀረጸው በዚያው ዘመን ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ አልበሞች 10ኛውን ለትዝታ ሲሰጠው ሁለቱንም ቅጂዎች አካትቷቸዋል። አልበሙን ለመጀመሪያ ጊዜ በአንክሮ ሳዳምጥ ከሁሉ ይበልጥ የያዘኝ ይህ ነበር፤ በዘገምታው ድምፁ በስንኙ መጨረሻ ተንጠልጥሎ ይዘገያል፣ መሣሪያውም ማሲንቆ አዝማሪውን እንደሚጠብቅ ይጠብቀዋል፤ በፈጣኑ ከበሮው እያጣደፈ ለጭፈራ ይጠራዋል፣ ሆኖም የትዝታ አምስቱ ድምፆች ከሥፍራቸው አልተነቃነቁም። ፍጥነቱን እንደ ድፍረት የቆጠሩ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ እኔ ግን ቅኝቱ ምን ያህል ጽኑ እንደ ሆነ ያስመሰከረው ይኸው ፍጥነት ነው እላለሁ።

አንድ ነገር ያሳዝነኛል። በዚያ አልበም ላይ የተጻፈው የአዲስ አበባ ድምፃውያን ስም ነው፤ ዜማውን ከአባት ወደ ልጅ ያሻገሩት የወሎ አዝማሪዎች አልተጠቀሱም፤ ሸክላም ማጫወቻና ገንዘብ የሚጠይቅ ስለ ነበረ፣ ዘፈኑን ለወለደው ገበሬ ሩቅ ነበር። በኋላ በካሴት ዘመን ግን ድምፃዊቷ ማሪቱ ለገሠ አምባሰልን በወሎ አንደበት፣ በዚያው በአገሩ ቅላጼ አስቀርጻ ስታወጣው፣ ካሴቱ ርካሽ ነበርና በየአውቶቡሱና በየሻይ ቤቱ ተሰማ።